በምን ታወቀ? የሳይንስ አሠራር በቶንጎ ሰማይ ሥር

በቶንጎ ከተማ ሚያዝያ 6 ወይም 7 ቀን ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ እኩለ ቀን ላይ ጥላ አይኖረውም። ጥላው እያጠረ ይመጣና ከእግሩ ሥር ገብቶ ይጠፋል። በእጃችን ያለው ሰዓት ግን በዚያች ቅጽበት 6 አይልም። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከእኛ ብዙ ርቆ በምሥራቅ በሚያልፍ መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይ የቶንጎን አናት የምትረግጠው 6 ሰዓት ካለፈ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆይታ ነው። ያው ምሰሶ ሰኔ 14 ቀን ደመናው ከፈቀደ የእኩለ ቀን ጥላውን ወደ ደቡብ ይጥላል፤ ታኅሣሥ 12 ቀን ደግሞ ወደ ሰሜን ይጥለዋል። ቁመቱ አንድ ሜትር ቢሆን የሰኔው ጥላ 25 ሳንቲ ሜትር፣ የታኅሣሡ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን የነገርኳችሁን ሁሉ ማንም ሰው በችካልና በገመድ ሊያረጋግጠው፣ ወይም ሐሰት ነው ሊለኝ ይችላል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ያለው «ሐሰት ነው ሊለኝ ይችላል» በሚለው ላይ ነው። አንድን አባባል ሳይንሳዊ የሚያደርገው የተናጋሪው ዲግሪ ወይም የመጽሐፉ ውፍረት አይደለም፤ ሊረታው በሚችል ልኬት ፊት ራሱን ማቅረቡ ነው። ይህን ለልጆቻችን ለማስተማር ደግሞ ከጥንቱ የሰማይ ጥናት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ተማሪዎቻችን ምድር ክብ እንደሆነች ያውቃሉ። ፈተና ላይ ቢጠየቁ ይጽፋሉ፣ ነጥብ ያገኛሉ። «በምን ታወቀ?» ተብለው ቢጠየቁ ግን አብዛኞቹ «መጽሐፉ ላይ አለ» ወይም «ከጠፈር ፎቶ ተነሥቷል» ይላሉ። ፎቶ የተነሣው ትናንት ነው፤ ሰው የምድርን ክብነት ያወቀው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ከምድር ሳይነሣ፣ በጥላና በከዋክብት ነው። አርስቶትል ያቀረባቸው ሁለት ማስረጃዎች ዛሬም ይሠራሉ። አንደኛው፣ በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ በጨረቃ ላይ የሚያርፈው የምድር ጥላ ጠርዙ ምንጊዜም ክብ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው በሰሜን የማያያቸውን ከዋክብት ያያል የሚለው ነው። ለዚህ ሁለተኛው ማስረጃ እኛ ጥሩ ቦታ ላይ ነን። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚቆምበት ከፍታ ያለንበት ቦታ ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት በዲግሪ ይነግረናል። ሞያሌ ላይ ከሦስት ዲግሪ ተኩል አይበልጥም፤ ኮረብታ ቢኖር ይሸፍነዋል። ቶንጎ ላይ ወደ ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ሲሆን፣ እጃችንን ዘርግተን የጨበጥነውን ጡጫ ስፋት ያህል ነው። አዲግራት ላይ ከአሥራ አራት ዲግሪ በላይ ይወጣል። ምድር ጠፍጣፋ፣ ኮከቡም እጅግ ሩቅ ቢሆን ኖሮ ሞያሌና አዲግራት በአንድ ከፍታ ባዩት ነበር።

ሞያሌና አዲግራት ለሌላም ነገር ይጠቅሙናል። ሁለቱ ከተሞች ከሰሜን ወደ ደቡብ በተሰመረ አንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። በመካከላቸው 10 ዲግሪ ከሦስት አራተኛ አለ፤ በቀጥታ ቢለካ ርቀቱ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 360 ዲግሪን ለ10 ከሦስት አራተኛ አካፍላችሁ በርቀቱ ብታባዙት ምድርን ዙሪያዋን ለመዞር 40,000 ኪሎ ሜትር እንደሚያስፈልግ ታገኛላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ ያደረገው ይህንኑ ነው። በአስዋን በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥላ እንደማይኖር ሰምቷል። በእስክንድርያ በዚያው ቀን ፀሐይ ከአናት የክብ ሃምሳኛውን ክፍል ያህል ዘንበል ትላለች። በሁለቱ መካከል 5,000 ስታዲያ አለ ብሎ የምድርን ዙሪያ 250,000 ስታዲያ አለው። አስዋን በትክክል ፀሐይ በዚያ ቀን አናት ላይ በምትሆንበት መስመር ላይ አይደለችም፤ እስክንድርያም ከእርሷ በቀጥታ ሰሜን አይደለችም፤ የስታዲያው ርዝመት እንኳ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሥራውን ታላቅ ያደረገው የቁጥሩ ጥራት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን ግምት በግልጽ ስላስቀመጠ፣ የትኛው እንደተዛነፈ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊነግሩን ቻሉ።

አሁን አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይመጣል፤ ተማሪ ቢያነሣው መምህሩ ሊደሰት የሚገባው ነው። «ጥላው በሁለት ቦታ መለያየቱ የምድርን ክብነት አያሳይም፤ ምድር ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ ቅርብ ብትሆንም ጥላው ይለያያል» ይላል። ትክክል ነው። በአንድ መብራት ሥር የተተከሉ ሁለት ችካሎች በጠፍጣፋ ወለል ላይም የተለያየ ጥላ ይጥላሉ። የጥንት ቻይናውያን ሊቃውንት በዚሁ መንገድ አስበው ከጥላ ልዩነት የፀሐይን ከፍታ አስልተዋል። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ተማሪውን ዝም ያሰኙታል፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ሳይንስ ተቀናቃኙን ሐሳብ ዝም አያሰኘውም፤ «እንግዲያው ቁጥርህን አውጣ» ይለዋል። እናውጣለት። ፀሐይ በቶንጎ አናት ላይ በሆነችበት ቀን ካይሮ ላይ በእኩለ ቀን ከአናት 20 ዲግሪ ተኩል ገደማ ዘንበል ትላለች፤ ኢስታንቡል ላይ 31 ተኩል፣ ሞስኮ ላይ 46 ይደርሳል። ምድር ጠፍጣፋ ከሆነች የካይሮው ጥላ ፀሐይ 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላለች ይላል፤ የኢስታንቡሉ 5,700፣ የሞስኮው 4,900 ይላል። አንዲት ፀሐይ በአንድ ቀን ሦስት ከፍታ ሊኖራት አይችልም። ምድር ክብ ናት ብለን ስናሰላ ግን ሦስቱም ከተሞች ያንኑ 40,000 ኪሎ ሜትር ይሰጡናል። ሞያሌ፣ ቶንጎና አዲግራት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱን ሐሳቦች መለየት ይቸግር ነበር፤ ዝንባሌው ትንሽ ሲሆን ሁለቱ ስሌቶች ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉና። አንድን ክርክር የሚፈታ ልኬት የት እንደሚገኝ ማወቅ ራሱ የሳይንስ ሥራ ነው።

ቻይናውያኑ ራሳቸው ደንባቸውን በልኬት ወደ መፈተን ደርሰዋል። የድሮው ደንባቸው በየ1,000 ሊ ርቀት የጥላው ርዝመት በአንድ ጹን ይለያያል የሚል ነበር፤ ሊ የርቀት፣ ጹን ደግሞ የርዝመት መለኪያቸው ነው። በታንግ መንግሥት ዘመን፣ በ724 እ.ኤ.አ. ዪ ሺንግ የተባለው መነኩሴ ሊቅ ባቀደው ሥራ ከሰሜን እስከ ደቡብ በተራራቁ ጣቢያዎች በትር ተተክሎ ጥላ ተለካ። ደንቡ አልሠራም፤ ልዩነቱ ከቦታ ቦታ ይለዋወጥ ነበር። እነርሱም ደንቡን ጣሉት። የሚገርመው ግን «እንግዲያው ምድር ክብ ናት» ወደሚል መደምደሚያ አልደረሱም። የተሳሳተውን መጣልና ትክክለኛውን ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ብዙ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። የሳይንስ ታሪክ ለልጆች እንደ ድል ሰልፍ ሲነገር ይህ ይጠፋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሙሉው ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ በሆነው በመጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ መንገድ የሚናገር ሰፊ ክፍል አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የደረሰው በ1773 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአራማይስጥ ቁርጥራጮቹ በሙት ባሕር አካባቢ ተገኝተዋል። መጽሐፉ ዓመትን 364 ቀን ያደርገዋል፤ ረጅሙን መዓልት ከአጭሩ መዓልት እጥፍ ያደርገዋል። በቶንጎ ግን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ብዙም በማይዘል ነው። ይህን የእጥፍ ስሌት ምሁራን በባቢሎን ጥንታዊ የከዋክብት ጽሑፎች ውስጥ አግኝተውታል። ባቢሎናውያኑ ራሳቸው በኋላ ዘመን ሦስት ለሁለት በሚል ተክተውታል፤ ይህም ለአገራቸው ሰማይ በጣም የቀረበ ነው። እዚህ ላይ «ቅዱስ መጽሐፍን ልታርም ነው ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። የሄኖክ መጽሐፍ የሚነበበው ስለ ፍርድና ስለ ጽድቅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራ ሳለ፣ የዘመን አቆጣጠሯን በ365 ቀን ከሩብ ነው የመሠረተችው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የምታገኘው በዚህ ሩብ ምክንያት ነው። በ364 ቀን ብንቆጥር ኖሮ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ መስከረም ከአበባው ወቅት ወጥቶ በክረምቱ ውስጥ ይገባ ነበር። የቀደሙት ሊቃውንት መጽሐፉንም ወቅቱንም አክብረው ይዘዋል። ሳይንስ ሃይማኖትን ያፈርሳል የሚለው ስጋት በዚህ ታሪክ ፊት አይቆምም።

የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማስያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብንም በዚሁ ዓይን ብናየው ጥሩ ነው። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ጨምሩበትና 7518 ይሆናል፤ ለ19 አካፍሉት፣ ቀሪው 13 ነው፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት አበቅቴው 12 ይወጣል፤ በ19 አባዝታችሁ ስትገድፉት መጥቅዑ 18 ነው፤ ድምሩ ምንጊዜም 30። ልጆች ይህን እንደ ምሥጢር ቢያጠኑት አልቃወምም፤ ግን 19 ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁ ምንኛ ባማረ! 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት ያህል ስለሆነ ነው። ባቢሎናውያን አውቀውታል፤ በአቴና ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት አውጆታል። የሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር የግእዝን የሰማይ ጽሑፎች መርምሮ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የእኛ ስሌት የአራተኛውን መቶ ዓመት የእስክንድርያ ቀመር ጠብቆ ያቆየ ነው። ሆኖም 235ቱ የጨረቃ ወራት ከ19ኙ ዓመታት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳሉ፤ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ያዛንፋል። ዓመቱም ከ365 ቀን ከሩብ ትንሽ ስለሚያንስ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይንሸራተታል። በኒቅያ ጉባኤ ዘመን መጋቢት 25 ላይ የተቀመጠው የቀንና የሌሊት እኩልነት ዛሬ መጋቢት 11 ገደማ ላይ ይውላል። በትር ያለው ሰው ያረጋግጠዋል፤ በዚያ ቀን የጥላው ጫፍ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ይህ የአባቶቻችንን ቀመር አያሳንሰውም። ዘመን አቆጣጠር የማኅበረሰብ ውል ነው፤ ሰማዩ ግን ውሉን አልፈረመም።

በዚህ አካባቢ ለሚበዙት ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ሰማይን መለካት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። የዙሁር ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከአናት ስታዘነብል ነው፤ የአስር ወቅት የሚታወቀው በጥላ ርዝመት ነው፤ ረመዳን የሚያዘው ጨረቃ ስትታይ ነው። በ632 እ.ኤ.አ. የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ሰዎች ምልክት ነው ሲሉ፣ ነቢዩ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት እንደማይጋረዱ እንደተናገሩ በሐዲስ ይታወቃል። ከዚህ ባህል የወጣው ኢብን አል ሃይሰም በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት በበጥሊሞስ ሥርዓት ላይ ያለውን ጥርጣሬ ዘርዝሮ ጽፏል። የጥንቱ የሰማይ ሊቅ በጥሊሞስ በዚያ ዘመን የሰማይ ዕውቀት ታላቅ መምህር ተደርጎ ይታይ ነበር። ኢብን አል ሃይሰም ያደረገው፣ ትልቁን ሰው ራሱ ባወጣው ደንብ መጠየቅ ነው፤ ክብ በሆነና በእኩል ፍጥነት በሚሄድ እንቅስቃሴ ብቻ አስረዳለሁ ብለህ፣ ስሌትህ ውስጥ ግን እኩል ያልሆነ ነገር አስገብተሃል አለው።

ከሁሉ ይልቅ እንዲነገር የምፈልገው የአርስጥርኮስ ታሪክ ነው። የሳሞሱ አርስጥርኮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች አለ። ትክክል ነበር። አብዛኞቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ምክንያታቸውም የሞኝ አልነበረም። ምድር የምትዞር ከሆነ፣ ዛሬ ካለንበትና ከስድስት ወር በኋላ ከምንደርስበት ቦታ ስናያቸው ቅርብ ያሉት ከዋክብት ከሩቆቹ አንፃር ቦታ መለወጥ ነበረባቸው። ማንም ይህን ለውጥ አላየም። አርስጥርኮስ ከዋክብቱ እጅግ ሩቅ ናቸው ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ ያ ደግሞ በወቅቱ የሚለካ ነገር አልነበረም። ለውጡ የተለካው በ1838 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቤሰል የተባለው ጀርመናዊ 61 ሲግኒ በተባለ ኮከብ ላይ አገኘው። ከአርስጥርኮስ እስከዚያ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል አልፏል። ኮፐርኒከስ መጽሐፉን በ1543 ሲያሳትም፣ ጋሊልዮም በ1610 በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ ጨረቃዎችን ሲያይ ያ ልኬት ገና አልተገኘም ነበር።

«ሊቃውንት ሁለት ሺህ ዓመት ከተሳሳቱ ዛሬ የሚሉንን ለምን እንመን?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይወለዳል፤ በየዘመኑ በክትባትም በሌላም ጉዳይ ይነሣል። መልሴ ይህ ነው። የጥንቶቹ የተሳሳቱት በመደምደሚያው እንጂ በጥያቄው አልነበረም። «ምድር የምትዞር ከሆነ ይህ መታየት አለበት» ብለው ያስቀመጡት መፈተኛ ትክክለኛ ነበር፤ በመጨረሻም ያ መፈተኛ ራሱ የምድርን መዞር አረጋግጧል። እንዲህ ያለ መፈተኛ ያላስቀመጠ አባባል ግን ሁለት ሺህ ዓመት ቢቆይም የሚያርመው ነገር የለም። ስለዚህ ማንም ሊቅ አንድ ነገር ሲነግረን የምንጠይቀው «ምን ብናይ ትተወዋለህ?» ብለን ነው። መልስ ካለው እንስማው። መልስ ከሌለው፣ ነጭ ጋውን ቢለብስም ቆብ ቢደፋም፣ ያለው ነገር ሳይንስ አይደለም፤ ሌላ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከመምህራን የሚመጣ ነው፤ ይህን ደግሞ በቀላሉ አላልፈውም። የትምህርቱ ይዘት ብዙ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ብሔራዊ ፈተናውም አርስጥርኮስን አይጠይቅም ይላሉ። እውነት ነው። ታሪኩ በሙሉ ይነገር አላልኩም። አንድ በትር፣ በቱንቢ ቀጥ ተደርጎ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይተከል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ የእኩለ ቀኑን ጥላ ይለካ፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በእንጦጦ እንዳለው ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ኤራቶስቴንስም አልነበረውም። የተማሪዎቹ ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ሳይገጥም ሲቀር መምህሩ ቁጥሩን እንዳያርመው አደራ እላለሁ። በትሩ ዘሞ ነው? ሰዓቱ ተሳስቷል? ወይስ መጽሐፉ የሌላ አገር ሰማይ ነው የሚገልጸው? በውጭ አገር የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት የእኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላሉ፤ ለቶንጎ ይህ የዓመቱን ከሦስት አንድ እጅ በላይ ሐሰት ነው። ልጁ ይህን በራሱ ልኬት ካገኘ፣ ሌላውን ምዕራፍ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

የሊቃውንት ስሌትም እንዲሁ በልኬት ይፈተናል፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከወለጋ በጎጃም አልፎ እስከ ላሊበላ ቀለበት ሆና ታይታለች፤ ቀኑም ሰዓቱም ከብዙ ዓመታት በፊት ታትሞ ነበር። አሁን ደግሞ ስሌቱ እንዲህ ይላል፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ፀሐይ በግብፅ ሉክሶርና በመካ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፤ እኛም ዘንድ እኩለ ቀን አካባቢ በከፊል ትጋረዳለች። ክረምት ስለሆነ ደመና ሊከለክለን ይችላል። ከገለጠ ግን ማንም ሰው በባዶ ዓይኑ ወይም በተራ ጥቁር መነጽር ቀና ብሎ እንዳያይ፤ ዓይን ያጠፋል። ካርቶን በመርፌ ብሱና ብርሃኑ በነጭ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ጻፉ፤ ከታተመው ጋር አስተያዩት።